ሦስት መንደርና አንድ ገደል

በዚህ ዓለም ላይ ተጠባባቂ ሹምን የሚያህል ትጉህ ፍጡር የለም። ዋናው ሹም ተሾሟልና ይተኛል፤ የተሻረውም ተሽሯልና ይተኛል፤ ተጠባባቂው ግን ዓይኑን ሳይከድን ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል ብሎ የሚጠይቅ የዋህ ቢኖር፣ "ተጠባባቂ" የምትለዋ ቃል ከስሙ ፊት ተነሥታ እንድትሄድለት ነው የሚጠብቀው።

የመሥሪያ ቤታችን ተጠባባቂ ኃላፊ አቶ ሸዋአየሁ፣ እግዚአብሔር ሹመታቸውን ያዳብርላቸውና፣ ከነዚህ ትጉሃን አንዱ ነበሩ። ዘመኑ ጠላት ከወጣ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ፈረንጅ ካሜራ አንግቶ በጎንደር ግንብ ሥር መርመስመስ የጀመረበት ነው። መሥሪያ ቤታችንም እንግዳ ተቀብሎ፣ አስጎብኝቶ፣ ደስ አሰኝቶ የመመለስ ከባድ አደራ ተጥሎበታል። ለዚህ አደራ የተመደበልን አንድ ጂፕ፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ አስተርጓሚና አንድ የቆዳ ወንበር ነው። ሾፌሩ ሰጠኝ ይባላል። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ፈረንሳይኛ ቀምሷል ተብዬ የተቀጠርሁ። ወንበሩ የአቶ ሸዋአየሁ ነው፤ እሱም በተጠባባቂነት ስለሆነ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ነበር የሚቀመጡት።

አንድ ቀን የበላይ ሹማችን፣ የኮሶዬ ተወላጅ የሆኑ፣ ቁጥብና ትንሽ የሚናገሩ ሰው፣ ቢሯችን ብቅ አሉ።

"ሸዋአየሁ፣ ሙሴ አልቤር የሚባል ትልቅ የፈረንሳይ እንግዳ መጥቷል። ከነገ ወዲያ ጧት በአውሮፕላን ይሄዳል። ነገ የተራራ መንደሮችና ያንን ከኮሶዬ ወዲያ ያለውን ገደል አሳየው። ደስ ብሎት ከተመለሰ ያቺን ተጠባባቂ የምትል ቃል እናነሣታለን።"

"ደስ ባይለውስ ጌታዬ?"

"እንግዲያማ አንተን እናነሣሃለን" ብለው ሄዱ።

አቶ ሸዋአየሁ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ተቀምጠው ፕሮግራም አወጡ። ፕሮግራሙ ከቀትር በፊት ሦስት የተራራ መንደሮች፣ ከቀትር በኋላ አንድ ገደል ይላል። የትኞቹ መንደሮች እንደሆኑ አልተጻፈም፤ እሱን መንገዱ ይወስናል። አንዳንድ ምቀኞች አቶ ሸዋአየሁ ገጠርን አያውቁትም ብለው ያሟቸዋል። ሐሰት ነው። ቅቤውም ማሩም ከገጠር ቤታቸው ድረስ ይመጣላቸው ስለነበር በደንብ ይተዋወቃሉ።

ኅዳር መጀመሪያ ነበር፣ ሰማዩ የጠራ፣ ብርዱ አፍንጫ የሚቆርጥ። ጧት ከጎንደር ወጥተን የደባርቅን መንገድ ያዝን። አቶ ሸዋአየሁ ከሰጠኝ ጎን፣ ሙሴና እኔ ከኋላ ሆነን ስንገሠግሥ፣ አስጎብኚያችን በየመታጠፊያው ወደ ኋላ እየዞሩ ማብራሪያቸውን ይሰጡ ጀመር።

"በግራ በኩል የሚታየው ተራራ ነው በለው።"

አልሁት። ሙሴ ራሱን ነቀነቀ።

"በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ሌላ ተራራ ነው በለው።"

ይህንንም አልሁት። ሙሴ ቀይ ጢሙን እየዳበሰ፣ "ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ አላውቀውም ነበር" አለ። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምሁላቸውና አቶ ሸዋአየሁ እስከ ኮሶዬ ድረስ ደስ እንዳላቸው ነበሩ።

ከኮሶዬ በኋላ ትልቁን መንገድ ትተን፣ ጂፕ እንደ ወንፊት የሚያንገዋልል የበቅሎ መንገድ ገባን። አንዲት መንደር ደረስን። ጆሮው የተቆረጠ ነጭ ውሻ እየጮኸ ተቀበለን፤ ከውሻው ኋላ ጋቢውን ያጣፋ፣ ወንጭፍ በትከሻው ያንጠለጠለ ሽማግሌ ከደጁ ሊወጣ ሲል አገኘነው። አያ ክንዱ ይባላል።

በአገሩ ደንብ ታላቅን ሰው አያ ብሎ፣ አንተ ብሎ መጥራት ይበቃል፣ ፍቅርም አክብሮትም አለበት። አቶ ሸዋአየሁ ግን መንግሥትን ወክለው ስለመጡ አንቱ አሉት። አያ ክንዱ ማንን እንደሚያናግሩ ለማየት ወደ ኋላው ዞር አለ።

"ያ በትከሻው ያለው ምንድን ነው?" አለ ሙሴ ወንጭፉን እያየ።

አቶ ሸዋአየሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የማዕረግ ምልክት ነው በለው። የመንደሩ ታላላቆች በክብር ቀን ያጠልቁታል።"

አያ ክንዱ ወደ ሽቅብ፣ ወደ ተራራው አፋፍ አየና፣ "እኔስ ወዲያ ልወጣ ነበር..." ብሎ ጀመረ። ግን እንግዳ ደጅ ቆሞ ማን ወዴት ይሄዳል? "ግቡ፣ ግቡ! ትርንጎ! እንግዳ!" አለ።

ወይዘሮ ትርንጎ መደብ ላይ አጎዛ አነጠፈች፣ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበች፣ የተጣራ ጠላ በዋንጫ ቀዳች። አቶ ሸዋአየሁ ግን ጠላ ከመቅመሳቸው በፊት ንግግር ማድረግ ይገባቸዋልና ተነሡ።

"ክቡራን ወገኖቼ! ዛሬ በዚህ ታሪካዊ ጎጆ፣ ከፊታችሁ ቆሜ ስለ ሥልጣኔ ስናገር የሚሰማኝ ደስታ ወሰን የለውም!"

ክቡራን ወገኖቻቸው አያ ክንዱ፣ ወይዘሮ ትርንጎና ቆሎ ይለቅሙ የነበሩ ዶሮዎች ነበሩ። ዶሮዎቹ በንግግሩ መካከል ወጡ። አያ ክንዱ ግን እንደ ጨዋ ሰው ተቀምጦ አዳመጠ፤ ዓይኑ ብቻ በየመሀሉ ወደ በሩ ይሄድ ነበር። ሙሴ ዋንጫውን ገና ከማስቀመጡ አያ ክንዱ ዱላውን ይዞ ተነሥቶ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ልሸኛችሁ" አለ።

እኔም በልቤ፣ እንዴት ያለ እንግዳ አክባሪ ነው፣ እንዴት ይቸኩላል አልሁ።

ስለ ሽኝት ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። በዚያ አገር እንግዳን ከደጃፍ ብቻውን መሸኘት ማባረር ነው። ባለቤቱ አብሮ ይወጣል። እንግዳው "ተመለስ" ይለዋል፤ እሱ "ጥቂት ልራመድ" ይላል። እንደገና "ይብቃህ፣ በሞቴ" ሲባል፣ "ግድ የለም፣ እስከ ጅረቷ" ይላል። ጅረቷ ዘንድ ሲደርሱ "እስከ ዛፏ" ይላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንዱ ሌላውን በጨዋነት አሸንፎ፣ ይሳሳሙና ይለያያሉ። ይህ ደንብ ለእግረኛ የተሠራ ነው። ጂፕ የመጣ ዕለት ምን እንደሚሆን አባቶች ሳይናገሩ አልፈዋል።

አያ ክንዱ ጂፕ ላይ ወጣ። አፋፉ ላይ፣ ገደሉ ሊደረስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት ያረጀች የኮሶ ዛፍ አለች። እዚያ ስንደርስ "አቁሙልኝ" ብሎ ወረደ።

"ከዚህ ይብቃኝ። በደህና ያግባችሁ።"

መንገዱ ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው፤ የሙሴ ገደል እዚያው ማዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀናል፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን ደህና ዋል ብሎ ይሄድ ነበር። አቶ ሸዋአየሁ ግን ሌላ አስጎብኚ አይደሉም።

"በምንዎ ሊመለሱ ነው?" አሉት።

"በእግሬ ነዋ። እኔስ ወዲህ..."

"በእግርዎ! የመንግሥት ጂፕ ከፊትዎ ቆሞ? ፈረንጁ ምን ይለናል? ነውር ነው! ሰጠኝ፣ አዙር!"

"ኧረ ጌታዬ፣ ግድ የለም፣ እኔ እዚሁ..."

"ግድ አለው እንጂ! ይውጡ!"

ሰጠኝ መሪውን ይዞ፣ "ጌታዬ፣ አብረውን ገደሉን አይተው ስንመለስ ብናደርሳቸውስ?" አለ።

አቶ ሸዋአየሁ ፕሮግራሙን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አዩና፣ "አያ ክንዱ ለገደል አልተፈቀዱም" አሉ።

ስለዚህ አዞርን። ያ ነጭ ውሻ እየጮኸ ተቀበለን። ወይዘሮ ትርንጎ ብቅ ብላ፣ "ምነው በደህና?" አለች።

"አያ ክንዱን መለስንልዎ" አሉ አቶ ሸዋአየሁ፣ ጂፑ ውስጥ ሆነው፣ በኩራት።

"እና ደጄን ረግጣችሁ እንዲሁ ልትሄዱ? በሞቴ! ትርንጎን ቅበሯት! ግቡ!"

እንግዲህ ማን ሴት ልጅ ትቀበር ይላል? ገባን። ሙሴ ቤቱን ዙሪያውን ተመለከተና ወደ እኔ ዞረ።

"ይህ የት ነው?"

አቶ ሸዋአየሁ ላብ አላባቸው። አንድ መንደር ሁለት ጊዜ ማስጎብኘት በፕሮግራሙ ላይ የለም። ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ።

"ሁለተኛው መንደር ነው በለው።"

አስተርጓሚ ቧንቧ ነው፤ የገባበትን ያፈሳል። አልሁት።

"ይህ ሽማግሌ ከመጀመሪያው መንደር ሽማግሌ ጋር በጣም ይመሳሰላል" አለ ሙሴ።

"ወንድማማች ሕዝብ ነን በለው።"

"ሴትየዋም?"

"እኅትማማች ሕዝብም ነን በለው።"

"ውሻውስ?"

አቶ ሸዋአየሁ ውሻውን በቁጣ አዩት። "ውሾቻችንም አንድነት አላቸው በለው!"

ሙሴ በአድናቆት ማስታወሻ ጻፈ። አቶ ሸዋአየሁም፣ ሁለተኛ መንደር ሁለተኛ ንግግር ይፈልጋልና፣ ያንኑ የመጀመሪያውን ከፍ ባለ ድምፅ ደገሙት። አያ ክንዱ መሀል ላይ አፉን ሊከፍት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ "ሥልጣኔ" የሚለው ቃል መጥቶ ዘጋበት። ንግግሩ ሲያልቅ ከሁላችንም ቀድሞ ደጅ ወጥቶ ጂፑ አጠገብ ቆሞ ነበር።

"ልሸኛችሁ፣ ቶሎ በሉ" አለ።

እስከ ኮሶ ዛፏ ሸኘን። ወረደ። በእግሬ ልሂድ አለ። ነውር ነው ተባለ። አዞርን።

እንግዳ በመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እኛ ይህን ማዕረግ ሁሉ በአንድ ቀን ጨረስነው። መጀመሪያ የተጣራ ጠላ ጠጣን፤ ሁለተኛ ቅራሪ ተሰጠን፤ ሦስተኛ ስንመጣ ወይዘሮ ትርንጎ በእንስራ ውኃ ይዛ ቆማ ነበር። እሱንም ቢሆን በዋንጫ ሳይሆን በቅል ሰጠችን። ሙሴ፣ "ይሄኛው መንደር ከሌሎቹ ድኻ ነው" ብሎ አዘነ።

አቶ ሸዋአየሁ ሦስተኛውን ንግግራቸውን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ከወደ አፋፉ ጩኸት ተሰማ። የሰው አይደለም። የብዙ ነገር ጩኸት ነው፤ የሚያጉረመርም፣ የሚሳደብ፣ የሚጣላ የሚመስል። አያ ክንዱ ከመደቡ ዘሎ ተነሣ። ወይዘሮ ትርንጎ ቅሉን ጣለችው።

"አንተ ሰው! ይሄ ጭላዳ ዝንጀሮ አይደለም? ገብሱ ላይ ማን አለ?"

"ማንም የለም" አለ አያ ክንዱ ቀስ ብሎ።

"ጧት ወንጭፍህን ይዘህ የወጣኸው ገብስ ልትጠብቅ ነው ወይስ ፈረንጅ ልታጅብ?"

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለካ ያ ሁሉ የሽኝት ጥድፊያ! እርሻው ከኮሶ ዛፏ ሥር፣ ገደሉ አፍ ላይ ነው። ገብሱ ደርሷል፣ ሊታጨድ ቀናት ቀርተውታል፤ የጥበቃው ተራ የእሱ ነው። ሰውየው ሲሸኘን ወደ ሥራው እየሄደ ነበር፤ እኛ ደግሞ እርሻው ደጃፍ ባደረሰን ቁጥር ተሸክመን ቤቱ እንመልሰዋለን።

"ታዲያ ምነው አልተናገሩም?" አሉ አቶ ሸዋአየሁ ተቆጥተው።

"ልናገር ስል እርስዎ ንግግር ላይ ነበሩ፣ ጌታዬ። ከሹም አፍ ላይ ቃል አይነጠቅ።"

ሰጠኝ ማንንም ሳይጠይቅ ጂፑን አስነሣ። በዚያ በቅሎ በሚያሰናክል መንገድ እንደዚያን ዕለት በሮ አያውቅም። ስንደርስ ጭላዶቹ እርሻው ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ቢጫ ወንበር ላይ የተሰየመ ጉባኤ ነው የሚመስለው። እየተረጋጉ፣ ዛላውን በሁለት እጃቸው እየመለጡ፣ አንዱ ላንዱ እያጉረመረመ ይበላሉ። "መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" የሚለውን ተረት ያን ዕለት በዓይኔ አየሁት፤ ከሁሉም የተመቸ መቀመጫ ያገኙት እነሱ ነበሩ። አንዳቸውም ተጠባባቂ አልነበሩም።

አያ ክንዱ ወንጭፉን ፈትቶ ድንጋይ አስወነጨፈ። ሙሴም፣ የማዕረጉ ምልክት ድንጋይ ሲተኩስ አይቶ ተደነቀና፣ ኮቱን አውልቆ ድንጋይ እየለቀመ ይወረውር ጀመር። እየጮኸ፣ እየሳቀ፣ እየተደናቀፈ። ከጧት ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም። ጭላዶቹ እንደ ፈለጋቸው፣ ያለ ችኮላ፣ ወደ ገደሉ ወረዱ።

ገደሉ ግን የለም ነበር። በሄድን በተመለስን ቁጥር ጉም ከታች እየወጣ ኖሮ፣ ሸለቆው ከአፍ እስከ ገደፉ ነጭ ሆኗል። ጭላዶቹ ጉሙ ውስጥ ገብተው ጠፉ።

"ገደሉ የታል?" አለ ሙሴ እያለከለከ።

"ከጉሙ ሥር ነው በለው" አሉ አቶ ሸዋአየሁ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

"ጥልቅ ነው?"

"እጅግ ጥልቅ ስለሆነ አይታይም በለው።"

እኔ አያ ክንዱን እያየሁ ነበር። ከእርሻው መካከል ቆሞ አንድ የተመለጠ አገዳ ነቅሎ ያገላብጣል። የእርሻው ግማሽ ባዶ አገዳ ሆኗል። ክረምቱን ሙሉ የለፋበት፣ ለከርሞ ልጆቹ የሚበሉት፣ ትርንጎ ጠላ የምትጠምቀው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚቀርበው ቆሎ ሁሉ እሱ ነው። ጧት የበላነው ቆሎ ጉሮሮዬ ላይ የቆመ መሰለኝ።

"አያ ክንዱ፣ አይዞህ" አልሁት።

"ምን ይደረግ" አለ። "እንግዳ በላው ብዬ እቆጥረዋለሁ።"

የትኛው እንግዳ እንደሆነ አልተናገረም።

ማታ በበላይ ሹማችን ቤት እራት ቀረበ። አቶ ሸዋአየሁ አዲሱን ክራባታቸውን አስረው፣ ሙሴ አፉን በከፈተ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይውጡ ነበር። ሹሙ፣ "እንዴት ነበር ጉብኝቱ?" ብለው ጠየቁት። እኔም ተረጎምሁ።

"እንደዛሬ ተደስቼ አላውቅም!" አለ ሙሴ። አቶ ሸዋአየሁ ተነፈሱ። "ሦስት መንደሮች አየሁ። በሦስቱም አንድ ዓይነት ደግ ሽማግሌ፣ አንድ ዓይነት ሴት፣ ጆሮው የተቆረጠ አንድ ዓይነት ነጭ ውሻ አለ። መጠጡ ግን ከመንደር መንደር እየቀጠነ ይሄዳል። ገደሉን አላየሁትም፤ ድንጋይ ግን ወርውሬበታለሁ።"

አቶ ሸዋአየሁ በጠረጴዛ ሥር እግሬን ረገጡኝ። ቧንቧን ረግጦ ማቆም አይቻልም፤ ሁሉንም አፈሰስሁት። ሹሙ እንጀራቸውን አስቀመጡ።

"ጆሮ ቆራጣ ነጭ ውሻ? የአያ ክንዱ ነዋ! አያ ክንዱ ደህና ነው? ገብሱ እንዴት ያዘለት?"

የገብሱንም ነገር ነገርኋቸው። ከዚያ ወደ አቶ ሸዋአየሁ ዞሩ።

"ሸዋአየሁ፣ እንግዳው ደስ ብሎታል። ቃል ቃል ነው። ተጠባባቂ የምትለዋን እናነሣታለን።"

አቶ ሸዋአየሁ ከወንበራቸው ተነሥተው እጅ ነሡ።

"አንተንም አብረን እናነሣሃለን" አሉ ሹሙ፣ እንጀራቸውን እየጠቀለሉ። "እዚያ ገደል ግርጌ አንዲት ጣቢያ አለች። ዋና ኃላፊ ሆነህ ትሄዳለህ። ገደሉንም በደንብ ታየዋለህ።"

ሹመቱ በመሥሪያ ቤታችን የታወቀ ፍጥነት ተፈጽሞ፣ ደብዳቤው በዓመቱ ደረሰ። በመሸኛው ዕለት ሁላችንም ተሰበሰብን። ንግግር ተደረገ፤ አቶ ሸዋአየሁ ለሥልጣኔ የዋሉት ውለታ ተዘረዘረ፤ ዓይናችን እንባ አቀረረ። ከዚያ እንደ አገሩ ደንብ ሸኘናቸው፤ እስከ ቢሮው በር። በሩ ዘንድ "ተመለሱ" አሉን። ደንቡ እምቢ ማለትን ያዛል፤ ነገር ግን ትልቅ ሰው ሲያዝ እምቢ ማለት ስላላደግንበት ተመለስን። ወንበሯ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ገና አልታወቀምና መቸኮል ነበረብን።

የቀረውን የነገረኝ ሰጠኝ ነው። በጂፕ እስከ ኮሶ ዛፏ አደረሳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ገደሉ ግርጌ የሚወርደው መንገድ የእግር ነው። ዛፏ ሥር አያ ክንዱ ወንጭፉን በትከሻው አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር።

"ልሸኝዎ" አለ።

ሰጠኝ ከአፋፉ ሆኖ ሲያያቸው፣ ሁለቱ ሰዎች የገደሉን ጠመዝማዛ መንገድ ይዘው ወረዱ። አቶ ሸዋአየሁ በየመታጠፊያው ቆመው "ይመለሱ" ይላሉ፤ አያ ክንዱ "ጥቂት ልራመድ" ይላል። ሻንጣቸውንም ተቀብሎ ተሸከመላቸው። ከግርጌው ወንዝ ሲደርሱ አቶ ሸዋአየሁ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እነዚያ ሁሉ ባልደረቦቻቸው ከበር ሲመለሱ፣ ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሸኛቸው እርሻውን ያስበሉት ሰው ነው። ይህን ራሱ አያ ክንዱ ነው በኋላ ለሰጠኝ ያወራለት።

"አያ ክንዱ፣ ያን ሁሉ በደል ረስተው፣ ምነው ለእኔ ይህን ያህል ደከሙ?" አሉት።

"ኧረ ምን ድካም አለው፣ ጌታዬ" አለ አያ ክንዱ፣ ሻንጣቸውን ከወንዙ ማዶ እያስቀመጠ። "ዘንድሮ ገብሱ ሸጋ ይዟል። እንዳይመለሱ ብዬ ነው።"